ጋሽ መልከጸዴቅ ውሃ ሲጠማቸው

ውሃ የሚያስመጣ ባለሙያ ያልገጠመው ሐበሻ የለም፤ ካለም ገና አልተወለደም። መኪናህን የሚሠራልህ ሰው ግማሽ ቀን አጠገቡ ስትገተር ምንም አይልህም። ዋናዋን ብሎን ሊነካ ሲል ግን "እስቲ ወንድሜ፣ ከዚያች ሱቅ ሲጋራ ግዛልኝ" ይልሃል። ስትመለስ ሞተሩ ተነስቷል። በወጥ የታወቀችው ጎረቤትሽም "ነይ አሳይሻለሁ" ብላ ትጠራሽና፣ ሽንኩርቱን አስከትፋ ዓይንሽን ካስለቀሰች በኋላ፣ ቅመሙ ጋ ሲደረስ "በሩ የተንኳኳ መሰለኝ፣ እስቲ እዪልኝ" ትላለች። ማን ሊያንኳኳ! ሙያ በልብ ነው ተብሏላ።

የዚህ ወገን ሁሉ አለቃ ክቡርነታቸው ሊቀ ሊቃውንት ዘመርፌ ወመንጠቆ ጋሽ መልከጸዴቅ ነበሩ። ሲያትል፣ ዋይት ሴንተር ውስጥ ጫማ ይጠግኑ ነበር። ባለቤታቸው አዳነች ደግሞ ከዚህ ምድር ሴቶች ሁሉ ብዙ ውሃ ያመላለሰች ሴት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቁን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ሶል የምትሰፋ አንዲት ትልቅ የብረት ማሽን ነበረች። እዚያው ሲያትል፣ ሶዶ በሚባለው ሰፈር የቦት ጫማ ፋብሪካ ሲዘጋ በርካሽ ገዝተዋት፣ በፎርክሊፍት ተጭና መጣች። ስሟን "አሮጊቷ" አሏት። የሠራት ኩባንያ ከከሰረ ዘመናት አልፈዋል፤ መመሪያ የሚባል ነገር አብሯት አልመጣም። አሮጊቷ ደህና ስትውል የበሬ ቆዳ እንደ ወረቀት ትበሳለች። ስታኮርፍ ግን መርፌዋና መንጠቆዋ ይተላለፉና ስፌቱ ይዘላል። መድኃኒቷ ከኋላዋ፣ ከትንሽ ክዳን ሥር ያለች አንዲት ብሎን ናት። ያቺ ክዳን ደግሞ ጋሽ መልከጸዴቅ ውሃ ሳይጠማቸው ተከፍታ አታውቅም።

"አዳነች፣ እስቲ ውሃ።"

አዳነች ወደ ጓዳ ትሄዳለች። ስትመለስ ክዳኑ ተገጥሟል፣ አሮጊቷ ትሰፋለች፣ እሳቸው ግንባራቸውን እየጠረጉ "አየሽ?" ይላሉ። ምኑን ትይ! አንዳንድ ቀን ደግሞ "ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፣ ቧንቧውን ትንሽ ልቀቂው" ይሏታል። ምን ያለ ውሃ የሚያማርጥ ሰው ነው እያለች ትለቀዋለች። ሶል መቁረጡ፣ ማስቲሹ፣ መወልወሉ፣ ከደንበኛ መጨቃጨቁ ሁሉ የእሷ ነው። ያቺ ብሎን ብቻ የእሳቸው ናት።

ሬድመንድ ከተማ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው የአዳነች የአክስት ልጅ ዘካሪያስ አንድ ቅዳሜ አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሞ ሱቁ ድረስ መጣ።

"ጋሼ፣ አያምኑኝም። እንደ አሮጊቷ ያለ ማሽን ያላቸው ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ተገናኝተዋል። ካናዳ አለ፣ ዌልስ አለ... ሶ፣ መመሪያ ስለሌላት ሁሉም የሚያውቀውን በኢሜይል እየጻፈ አንድ መጽሐፍ እያወጡ ነው።"

"የሚያውቁትን?" አሉ ጋሽ መልከጸዴቅ።

"አዎ።"

"ዝም ብለው? ለማያውቁት ሰው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ምን ነካቸው? ጤነኞች ናቸው?"

ይበሉ እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኮምፒውተሩ አልተለዩም። የሱቁ ስልክ ቀኑን ሙሉ በኢንተርኔት ተይዞ ደንበኛ ቢደውል አይገባለትም። ዘካሪያስ እያነበበ ይተረጉማል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ካናዳ ያለችው ባሏ የሞተባት ዶሪን ማሽኗ የት የት ዘይት እንደምትፈልግ ጻፈች፤ ወሰዱ። ዌልስ ያለው ኮርቻ ሠሪ ክሩ እንዴት ሰም እንደሚቀባ ጻፈ፤ ወሰዱ። ሲወስዱ አመስግነው አያውቁም፤ "ይኼንንማ አውቀው ነበር" ነው የሚሉት።

በመጨረሻ የቀረው የመርፌና የመንጠቆው ምዕራፍ ነበር። ጋሽ መልከጸዴቅ ደግሞ አንድ ቀን ሞቅ ብሏቸው "የእኔ ማሽን ስፌት አትዘልም በልልኝ" ብለው አስጽፈው ኖሮ፣ አገር ምድሩ ይለምናቸው ጀመር። እባክዎ ያንን ምዕራፍ ይጻፉልን!

"ልምድ ይጠይቃል በላቸው" አሉ። ዘካሪያስ ጻፈ። ሰዎቹ እንደገና ጠየቁ። "ትዕግሥት ይጠይቃል በላቸው።" ሦስተኛ ሲጠይቁ "ጥሩ ጥያቄ ነው በላቸው።"

"ጋሼ፣ ያስቃል እኮ! ሁሉም ጽፏል፣ የቀረው የእርስዎ ብቻ ነው።"

"ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም" ብለው ተነሱ።

በዚያው ዓመት ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ አዳነችን ለብቻዋ አስቀምጦ ተስፋ እንዳታደርግ በግልጽ ነገራት። ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ባሏ ሳይሆን ስለዚያች ብሎን ነበር። ወዲያው አፈረች። ባሏ እየሞተ ስለ ብሎን የምታስብ ሴት ምን ትባላለች? ግን ያለ አሮጊቷ ሱቅ የለም፣ ያለ ሱቅ ደግሞ የምትበላው የለም። ከኀፍረቱ ጋር ንዴቱ መጣባት። የስንት ዘመን ሚስቱ ነኝ፣ ምናለ ቢያሳየኝ?

"አሮጊቷን አሳየኝ" አለቻቸው ማታ።

"ምን አስቸኮለሽ? ልትቀብሪኝ ነው?"

ተወቻቸው፤ ሌሊቱን ግን ጀርባዋን ሰጥታቸው አለቀሰች።

ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ አላባራ ያለ ከሰዓት፣ አሮጊቷ አኮረፈች። ጋሽ መልከጸዴቅ ወንበራቸውን ጎትተው ከኋላዋ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"አዳነች፣ እስቲ ውሃ። ቀዝቀዝ ያለ ይሁን።"

ሄደች። ቧንቧውን ለቃ ቆመች። ካቻቪቴ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማች። ሲነሳ ሰማች፣ ደግሞ ወደቀ። ብርጭቆው ሞልቶ እጇ ላይ ይፈሳል።

"አዳነች።"

"እያመጣሁ ነው።"

"ውሃው ይቆይ። ነይ።"

ስትመጣ ካቻቪቴውን ዘረጉላት። ተቀበለቻቸው።

"ያቺን ብሎን ላላ አድርጊያት።"

አላላች። "ከዚያስ?"

"ትንሽ ታዞሪያለሽ።"

"በየት በኩል?"

ጋሽ መልከጸዴቅ ብሎኗን ትኩር ብለው አዩ።

"በየት በኩል ነው፣ መልከጸዴቅ?"

"አላውቀውም" አሉ።

አዳነች የቀለዱ መሰላት። ቀና ብላ ስታያቸው አይቀልዱም።

"አንዳንዴ በቀኝ ነው፣ አንዳንዴ በግራ። እስኪገጥም ድረስ እየሞከርኩ ነው የኖርኩት። አንዳንድ ቀን ያቅተኛል፣ እሳሳታለሁ፣ ያልበኛል። የባሰ ሲሆንብኝ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን እልሻለሁ፤ ቧንቧው እስኪቀዘቅዝ ጊዜ አገኛለሁ።"

"እና ያ ሁሉ ውሃ..."

"አልጠማኝም ነበር።"

መጀመሪያ በካቻቪቴው ራሳቸውን ልትላቸው ዳዳት፤ እውነቴን ነው። ቀጥሎ ሳቋ መጣ፣ ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

"ለምን ደበቅኸኝ?"

"ባለሙያ አይደለም እንዳትዪኝ ብዬ።"

"ሚስትህ ነኝ እኮ!"

"ለዚያ ነዋ።"

እሷ እያዞረች፣ እሳቸው "ሞክሪያት" እያሉ፣ ስፌቱ ሲዘል "ውይ!" እያሉ፣ ሲመሽ ገጠመላት። አሮጊቷ መስፋት ስትጀምር ጋሽ መልከጸዴቅ እጃቸውን በማሽኗ ላይ አሳረፉ።

"ለነዚያ ሰዎች ግን እኔ እስካለሁ አትንገሪብኝ" አሏት።

አልተናገረችም። ለገናም አልደረሱ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ዘካሪያስን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችውና "ጻፍ" አለችው። "ይህ የባለቤቴ የመልከጸዴቅ ምዕራፍ ነው። ብሎኗን ላላ አድርጉ። በቀኝ ሞክሩ፣ እምቢ ካለ በግራ። ብዙ ጊዜ ትሳሳታላችሁ፤ እሱም ይሳሳት ነበር። ሰው እንዳያያችሁ ከፈለጋችሁ ውሃ አስመጡ።"

"አንቺ፣ የመጨረሻውን ልጻፈው?"

"ጻፈው አልኩህ።"

ሲልከው ቃሏን የበላች መሰላት። በማግሥቱ የመጀመሪያው መልስ ከኮርቻ ሠሪው መጣ። ዘካሪያስ አነበበው።

"ምን አለ?"

"ማሽኑ የአባቱ ነበር። አባቱ እዚያ ብሎን ላይ ሲደርስ በግ ቆጥረህ ና እያለ ይልከው ነበር። እስከ ዛሬ፣ አባቴ አላመነኝም እያለ ሲከፋው ኖሯል። አመሰግናለሁ ነው የሚልሽ።"

መጽሐፉ አለቀ። ያ ምዕራፍ የጋሽ መልከጸዴቅን ስም ይዞ ቀረ፤ ከመጽሐፉ ምዕራፎች ሁሉ አጭሩ እሱ ነው።

ፀደይ ሲገባ አሮጊቷ እንደገና አኮረፈች። ዘካሪያስ ሱቅ ውስጥ ነበርና ለማየት ቀረብ አለ። አዳነች ክዳኑን ከፈተች፣ ካቻቪቴውን አነሳች። እጀታው በእሳቸው አውራ ጣት ልክ ጎድጉዷል። እዚያው ላይ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ዘካሪያስ፣ እስቲ ውሃ አምጣልኝ።"

"ኧረ አዳኑ! አሁን እኮ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፣ ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው!"

"አምጣ አልኩህ" አለች ሳትዞር። "ቀዝቀዝ ያለ ይሁን።"

ዘካሪያስ ትከሻዋን አየ። ብርጭቆውን አንስቶ ወደ ጓዳ ሄደ፤ ቧንቧውን ከፍቶም ብዙ ቆየ።