ዝናብ ያሰባሰበው ብርሃን

መምህር አዱኛ በደለኝ። ሰው ተራውን እየጠበቀ፣ በገዛ ሱቄ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ «እትዬ ጥሩወርቅ፣ እርስዎ ይተይቡ እንጂ አያንብቡ» አለኝ።

እስኪ ፍረዱኝ። እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ ሽበት ጀምሮኛል። ዓይን ሳያነብ ጣት እንዴት ብሎ ይተይባል? ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ነገር ግን ስለ ስንዴ ዋግ፣ ስለ ወተት ላም፣ ስለ ጮቄ ምንጮች የተጻፈው ሁሉ በእነዚህ ዓይኖች አልፏል። ያልገባኝን የእንግሊዝኛ ቃል ሽፋኑ ከተገነጠለው መዝገበ ቃላቴ እፈልጋለሁ። አንዳንዱን ጽሑፍማ ከጻፈው ሰው ይልቅ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም። እሺ፣ ለሐሜትም ነው።

የተጣላንበት ጽሑፍ የትርንጎ ነው። ትርንጎ ከሮብ ገበያ የመጣች፣ በኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ፣ ሲናገሯት መሬት መሬት የምታይ ልጅ ናት። አማካሪዋ ለትምህርት ውጭ አገር ሲሄድ፣ በመጨረሻው ወር ለመምህር አዱኛ ተሰጠች። እሱ ደግሞ የአፈር ሰው ነው። ስለ አፈር ብትጠይቁት እስኪመሽ ያስተምራችኋል። የእሷ ነገር ግን ብርሃን ነው።

በእጅ ጽሑፏ እንዳነበብኩት፣ መዳብን ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር አጋብታ ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች ሠርታለች። ቅንጣቶቹ አልኮል ውስጥ ተበታትነው ሳሉ ሐምራዊ መብራት ብታበሩባቸውም ዝም ነው። ውሃ ሲጨመር ግን ውሃውን ይሸሹና እርስ በርስ ይጠጋጋሉ፤ ማንም ሳይደረድራቸው ይደረደራሉ፤ ያን ጊዜ መብራቱ ሲያርፍባቸው እነሱም መልሰው ያበራሉ። ይህን ሳነብ ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ደቦ እንኳ ጠሪ ይፈልጋል፣ ጠላ ይፈልጋል። እነዚህን ማን ጠራቸው?

መምህር አዱኛ ውሃ የምትለዋን መስመር በቀይ ሰረዛት። ውሃ ናሙና ያበላሻል፣ ልጅቱ ተሳስታለች አለ። ትርንጎ መሬት አየች። እኔ ደግሞ ዝምታ አልተፈጠረልኝምና፣ መስመሯ ከወጣች ብርሃኑ ከየት ይመጣል ብዬ ጠየቅሁት። «ይተይቡ እንጂ አያንብቡ» ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። እኔም መስመሯን አጠፋኋት።

ትርንጎ ጽሑፏን ለፈታኞች ልታቀርብ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጠቆረና መብራት ሄደ። ከሌላ ከተማ የመጣው ፈታኝ ብርሃኑን በዓይኔ ካላየሁ ብሏል። እኔ ሱቅ ሐሰተኛ ብር የምለይባት፣ በባትሪ የምትሠራ ሐምራዊ መብራት አለችና፣ መምህርና ተማሪ አስቀድመው ሊሞክሩት ጠርሙስ ይዘው በስብሰው መጡ። ከሱቁ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ዝናብ ያባረረው ሰው ተጠልሏል፦ ከደምበጫ የመጡ የጨርቅ ነጋዴ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት እናት። አይተዋወቁም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጎርፍ ያያሉ።

እንዲጨልም ብለን ጠርሙሱን የወረቀት ካርቶን ውስጥ አስገብተን መብራቷን አበራንበት። ምንም። ትርንጎ እንደታዘዘችው አልኮል ብቻ ነበር የጨመረችው።

መምህር አዱኛ ቀና አለና የብርሃኑ ምዕራፍ ይውጣ አለ። የተየብኩት እኔ ነኝና ልንገራችሁ፦ ያ ምዕራፍ ከወጣ የሚተርፈው ሽፋኑና ምስጋናው ነው። ትርንጎ ዘንድሮ አትመረቅም ማለት ነው። አፌን ልከፍት ስል ቀደመችኝ።

«እትዬ፣ ውሃ አለዎት?» አለች። የጠየቀችው እኔን ነው፤ ያየችው ግን እሱን ነው።

ቧንቧው ከሄደ ሁለት ቀኑ ነበር። ብርጭቆ ይዤ ወጣሁና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ዘረጋሁት። «እትዬ፣ ሰማዩን ሊቀዱት ነው?» አለ ባለባጃጁ። ለእሱ መልስ ነበረኝ፤ ጊዜ ግን አልነበረኝም።

ትርንጎ ጠብ አደረገች። ጠብ። ምንም። ጠብ። ፈሳሹ እንደ ማለዳ ጉም ደፈረሰ። ከጉሙ መሐል፣ ከየት መጣ ሳይባል፣ ቢጫ ወጣ። የኑግ ማሳ ሲያብብ ያለውን ቢጫ ታውቁት የለ፣ ልክ እሱን፤ ግን ከውስጥ የበራ። ሳነበው አምኜው ነበር። ሳየው ግን ማመኔን ተጠራጠርኩ። እኔ፣ ዝምታ ያልተፈጠረልኝ ሴት፣ ዝም አልኩ።

ዝምታዬ ሳያስደነግጣቸው አልቀረም፣ የተጠለሉት ሁሉ ገቡ። በየተራ አንገታቸውን ካርቶኑ ውስጥ እየከተቱ አዩ። ነጋዴው ባለባጃጁን ትከሻውን ይዘው አስረዱት፣ እናትየዋ ነጋዴውን አረሙ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቃል ያልተለዋወጡ ሰዎች ናቸው። እነሱንስ ማን ደረደራቸው? ፀሐይ የወጣ ቀን እኮ በዚች ከተማ ሁላችንም እንደ ቅንጣቶቹ አልኮል ውስጥ የተበተንን ነን፤ ደህና ዋሉ፣ ደህና ዋሉ፣ ማለፍ።

ካርቶኑ ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየው መምህር አዱኛ ነው። ሲወጣ መነጽሩን ጠረገ። ይቅርታ አላለም፤ ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር። ያቺን መስመር ልመልሳት እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ትርንጎ መሬት ማየቷን ትታ እኔን ታያለች፤ ቤቱ ሙሉ እኔን ያያል። ለዚህ ቀን ስንት ነገር ስዬ አስቀምጬ ነበር መሰላችሁ። ያ ብርሃን አብዛኛውን አስረሳኝ፤ የቀረኝ ይህ ብቻ ነበር፦

«መብራት ሲመጣ እተይባታለሁ፣ መምህር። እስከዚያ እርስዎ ያንብቧት።»