በሁሉም ግንባር የነበሩት ጄኔራል

አካል ጉዳተኛ ወታደር ሕክምና ለማግኘት ተራ በሚጠብቅበት ኮሪደር ሁሉ፣ «እኔ እዚያ ነበርኩ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ድልድዩ ሲፈርስ ከሥሩ ነበር፤ ኮረብታው ሲያዝ ከአናቱ ነበር። አዛዡ ሲያጠቃ ጥይት ያቀበለው፣ አዛዡ ሲሸሽም አቋራጩን ያሳየው እሱ ነው። ተቃራኒ ማስረጃ ቢቀርብበት አይደነግጥም፤ ማስረጃው ሲጻፍም እዚያ ነበር።

የእኛ ኮሪደር ሰው በጦሩ ውስጥ የነበራቸው ማዕረግ አሥር አለቃ ነው። ኮሪደሩ በገዛ ሥልጣኑ ጄኔራል አድርጎ ሾሟቸዋል፤ እኔም በሹመቱ ላይ ተቃውሞ ስላላቀረብኩ ክቡር ጄኔራል እያልኩ እቀጥላለሁ። ክቡርነታቸው ንግግራቸውን ሁሉ የሚከፍቱት «በዓይኔ በብረቱ!» ብለው ነበር። ከሁለቱ ዓይኖቻቸው አንዱ ከጦር ሜዳ አልተመለሰም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የሕክምና ቦርዱን አሠራር መናገር ያስፈልጋል። ቦርዱ ነጻ ሕክምና የሚፈቅደው፣ ጉዳቱ በጦር ሜዳ ሲደርስ ያየ የጦር ጓድ በአካል ቀርቦ ሲመሰክር ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው ጦር ሜዳን እንደ መማሪያ ክፍል ሳይቆጥረው አልቀረም፤ ሁሉም በየወንበሩ ተቀምጦ የጎረቤቱን የሚያይበት። እኔ ግራ እግሬን ባጣሁበት ዕለት አብረውኝ ከነበሩት አንድም የተረፈ የለም።

«ምስክር ይዘው ይምጡ» አለችኝ የቦርዱ ጸሐፊ።

«ሞተዋል።»

«ታዲያ ሌላ ይፈልጉ እንጂ ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግዎት?»

በክራንቼ ተመልሼ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ክቡር ጄኔራል ከወዲያኛው ጫፍ እየተንፏቀቁ መጡ።

«የት ነው የተመታኸው?»

ለማላውቀው ሰው የተመታሁበትን ቦታ አልናገርም። 

«እሺ፣ ጠላት ነኝ እንበል» አሉ። «ጠላት ከሆንኩ የት እንደመታሁህ አውቀዋለሁ። ካልሆንኩ ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። ከሸለቆው በላይ ምሽግ ይዘን ነበር፤ ውኃ ሳይደርሰን ዋለ፤ ልፈልግ ስወጣ ተመታሁ። ጄኔራሉ «ውኃ ሳይደርሳችሁ?» ብለው ደገሙ። አጠያየቃቸውን አልወደድኩትም።

«ከትልቁ ዛፍ አጠገብ ነዋ» አሉ በመጨረሻ።

«ዛፍ አልነበረም።»

«ተመትቶ ከወደቀ በኋላ ቀና ብሎ ዛፍ የሚፈልግ ማን አለ? ዛፍ ነበር።»

ምስክሬ ሆነው ከቦርዱ ፊት ቆመው የእኔን መቁሰል ሲተርኩ፣ እኔ ራሴ መጨረሻው ምን ይሆን ብዬ ጓጓሁ። ስወድቅ እናቴን መጣራቴን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«እናቴን አልጠራሁም» አልኳቸው ስንወጣ።

«እሺ፣ አልጠራህም።»

«ታዲያ ለምን እንዲያ አሉ?»

«የቦርዱ ሐኪምም እናት አለችው እኮ፣ ጠርጣራው!»

ሰው ሠራሽ እግር ተፈቀደልኝ። «ጠርጣራው» የሚለው ስምም አብሮ ጸደቀ።

ጉቦ ቢጠይቁኝ ኖሮ ደላላ ናቸው ብዬ ልቤ ባረፈ ነበር። አልጠየቁም። ሻይ ልጋብዝዎ ብላቸው የራሳቸውን ከፈሉ። ያለ ክፍያ የሚዋሽ ሰው ደግሞ ያሠጋል። ስለዚህ ለእግሬ ማስተካከያ በሄድኩ ቁጥር ጉዳዬ ካለቀ በኋላም ኮሪደሩ ላይ እየቆየሁ እከታተላቸው ጀመር። ለመድፈኛው መሰከሩ። ለወጥ ቤቱ ኃላፊ መሰከሩ። እጇ ለተቆረጠባት አስታማሚም መሰከሩ። የቦርዱ ሰብሳቢ ሐኪም አንድ ቀን መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አሥር አለቃ፣ ባንድ ቀን በሁለት ግንባር እንዴት ተገኙ?» ቢሏቸው፣

«በሁለቱም ግንባር ሰው ይጠማዋል፣ ዶክተር» አሉ።

ጄኔራሉ የውኃ ቦቴ ሹፌር ነበሩ። ይህ ሒሳቤን አዛባው። ቦቴ የማይደርስበት ግንባር ስለሌለ፣ ከተናገሩት የትኛውን አይተው የትኛውን እንደፈጠሩ መለየት አልተቻለም። የእኔን ብቻ አውቅ ነበር። እኔ በወደቅሁበት ቦታ ሰው አልነበረም፤ ዛፍም አልነበረም።

አንድ ጠዋት ጸሐፊዋ ካፖርቷን ከበሩ አጠገብ ሰቅላ ገባች። ጄኔራሉ ደረሱና ተረከዛቸውን አጋጭተው ለካፖርቱ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ።

«እንዴት አደሩ፣ ዶክተር?»

ኮሪደሩ በሳቅ አውካካ። «ምን ያስቃችኋል?» አሉ ጄኔራሉ። «ይኸኛው ይሻላል። ቢያንስ ነገ ተመለስ አይልም።»

እኔ አልሳቅሁም። ሳቁ ሲበርድ ወንበሩን በመዳፋቸው ዳብሰው ሲቀመጡ ከአጠገባቸው ሆኜ አየኋቸው።

ቀሪውን የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሥራቸውን ጥለው ባላቸውን እየመሩ ያመጡና ይመልሱ ነበር። ጄኔራሉ ከሸለቆው በላይ ላለ ጦር ውኃ ጭነው ሲወጡ ቦቴው ፈንጂ ረገጠ። ረዳታቸው ከጎናቸው ሞተ። የፊት መስታወቱ ተበትኖ አንዱን ዓይን ወዲያው አጠፋው፤ በሌላው ውስጥ ስብርባሪ ቀረበት። ስብርባሪው በጊዜ ካልወጣ ያም ዓይን ይሄዳል ተብሏል። የዓይን ሆስፒታሉ ደግሞ ያለ ቦርዱ ፈቃድ አይቀበልም። ቦርዱ ግን ቦቴው ግንባር ሳይደርስ መንገድ ላይ ስለነበር ጉዳዩን የትራፊክ አደጋ ብሎ መዝግቦታል።

«ፈንጂው መንጃ ፈቃድ ነበረው?» ይሉ ነበር ጄኔራሉ በጸሐፊዋ መስኮት።

«ኧረ እኔን አይቆጡኝ፣ ጋሼ» ትላለች ጸሐፊዋ። «ፈንጂ መሆኑን የሚያውቅ ምስክር ያምጡ።»

ለኮሪደሩ ሁሉ የመሰከሩት ሰው ምስክር አልነበራቸውም። ሁሉም «እኔ አለሁ» ቢላቸውም እሺ አላሉም። «ለሌላ ሰው ስዋሽ አፌ ይፈታል፤ ለራሴ ሲሆን ይታወቅብኛል» አሉ።

ባለቤታቸውን ስለ ቀኑና ስለ መንገዱ ደጋግሜ ጠየቅኋቸው። እስኪሰለቻቸው ጠየቅኋቸው። ጥርጥር የለውም፤ ያ ውኃ የተጫነው ለእኛ ነበር።

በማግስቱ ከጄኔራሉ ጋር ቦርዱ ፊት ቀረብኩ።

«ፈንጂውን አይተዋል?» አሉኝ ሰብሳቢው።

«አላየሁም። ፍንዳታውን ከሸለቆው በኩል ሰምቻለሁ። ያየሁት ውኃው አለመድረሱን ነው። ጠዋት መድረስ ነበረበት። ቀትር ላይ ጓዶቼ ባዶ ኮዳ ይልሱ ነበር። ያን ጊዜ ውኃ ልፈልግ ወጣሁ፤ እግሬንም አጣሁ።»

ሰብሳቢው የእኔን መዝገብ አስመጥተው ገለጡ። «እርስዎ ሲመቱ ግን አሥር አለቃው በቦታው እንደነበሩ መስክረዋል። ሁለቱም እውነት ሊሆን አይችልም።»

«አይችልም።»

«ታዲያ ነበሩ ወይስ አልነበሩም?»

ጄኔራሉ ክርኔን ጨመቁት። «ነበሩ በል፣ አንተ ግትር!» አሉ በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታቸውን ጸሐፊዋ ሳትቀር ሰማችው።

«አልነበሩም» አልኩ። «እሳቸው ደርሰው ቢሆን ኖሮ እኔ ከምሽጉ አልወጣም ነበር።»

ውጭ ስንወጣ ክቡር ጄኔራል ጮኹብኝ። «እግርህን እኮ ነው አሳልፈህ የሰጠኸው! ሰው እንዴት አንዲት ውሸት ያቅተዋል? ዛፍ አበደርኩህ፣ እናት አበደርኩህ፣ አንተ ግን ለአንዲት ቃል ሰሰትህ!»

ቦርዱ በፍጥነት የሚሠራው ሲነጥቅ ነው። የእኔ ሕክምና እስኪጣራ ታገደ። ሰው ሠራሽ እግሬ ሲሰነጠቅ የሚጠግነው ስላልነበረ ወደ ክራንቼ ተመለስኩ። የጄኔራሉ ጉዳይ ደግሞ ከትራፊክ አደጋ ወደ ጦር ሜዳ ጉዳት ተዛወረ፤ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዘዋወርም ክረምቱ አለፈ። ፈቃዱ ወጥቶ ሆስፒታል ስንገባ ሐኪሟ በመብራቷ ዓይናቸውን ረጅም ጊዜ አየች።

«አባቴ፣ ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ…» አለች።

«የመጣሁትስ በጊዜ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «የቆየሁት በር ላይ ነው።»

አሁን ምንም አያዩም። ቦርዱም ከእንግዲህ ምስክርነታቸውን እንደማይቀበል አስታውቋል። ኮሪደሩን ግን አልተዉትም። አዲስ የመጣውን ያስቀምጣሉ፣ በየትኛው ሐኪም ፊት ማልቀስ እንደሚጠቅም፣ በየትኛው ደግሞ እንደሚጎዳ ያስተምራሉ። የባለቤታቸው ሥራ ስለበዛ አምጥቼ የምመልሳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው የኮቴን ጀርባ ይይዛሉ፤ እኔ ክራንቼን እየተከልኩ እቀድማለሁ። ዘገምተኛ መሆኔን ሳይነግሩኝ የዋሉበት ቀን የለም።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሰፈራቸው ስንታጠፍ ድንገት ቆሙ።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ አንተ ሌላ አታውቅም» አሉ። «ሴትዮዋ መሯታል?»

«አላሉኝም።»

«ማታ ማታ አትናገርም። ስፌቷን ትሰፋለች፣ ዝም ትላለች። ዝም ያለን ሰው ፊት ካላየሁ በምን ልወቀው? አሁን በሱቋ በር ቆማ እየጠበቀችን ነው አይደል?»

የሱቁ በር በቁልፍ ተዘግቷል። ባለቤታቸው ሥራ ሊያደርሱ ሄደው ይሆናል። ሌላ ቦታ ሄደውም ይሆናል፤ አላውቅም።

«ቆመዋል» አልኩ።

«ፊቷስ?»

«ፈገግ ብለዋል። እጃቸውን እያወዛወዙ ነው።»

ክቡር ጄኔራል ኮቴን ለቀቁ። ኮሌታቸውን አስተካከሉ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ በተዘጋው በር ትይዩም እጃቸውን ከፍ አድርገው አወዛወዙ። እኔም ክራንቼን በብብቴ አጥብቄ እጄን አነሣሁ።