የእህቴ ባልና ቀይዋ ሌዘር

በየቤተሰቡ አንድ ማስረዳት የማይደክመው ሰው አይጠፋም። ውሃ አቀብለኝ ብትሉት ጥማችሁን ረስቶ የቧንቧውን መስመር ይተነትንላችኋል። ለእኛ የደረሰን የእህቴ ባል ነው፤ ሊቀ-ማብራሪያ እንለዋለን።

ሥራው ሌዘር ነው፤ የቆዳው ሳይሆን የብርሃኑ። ከጨው ቅንጣት የማትበልጥ፣ ሴሚኮንዳክተር የምትባል ቁራጭ ቀይ ብርሃን ትተፋለች፤ ብርሃኑም በፕላስቲክ ገመድ ውስጥ መረጃ ተሸክሞ ይሮጣል። አያችሁ፣ እኔ ጨረስኩ። እሱ ግን ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አልጨረሰም። "ቀላል እኮ ነው!" ካለ ወንበራችሁን አመቻቹ። አንዴ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመው፤ መኪናው ውስጥ ስላለው የፕላስቲክ ገመድ ሲያስረዳው ሰውዬው መንጃ ፈቃዱን መልሶ "ሂድልኝ በናትህ" አለው። አባቴ የተቀበረ ዕለት ደግሞ አንድ ጎረቤታችንን ጥግ አስይዞ፣ የፕላስቲኩ ገመድ ከመስታወት እንደሚሠራው ገመድ ቶሎ እንደማይሰበር ሲያብራራ ዋለ። ጎረቤትየው ከእኛ በላይ አለቀሰ።

ባለፈው ዓመት እህቴ ታመመች። ሐኪሙ ወንበር ስቦ፣ በሽታው ጉበቷን እንደጨረሰው፣ ከእንግዲህ ሕመሙን ከማስታገስ ሌላ የሚደረግ እንደሌለ አስረዳን። የእህቴ ባል አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም። ከዚያ ወዲያ አፉ ተዘጋ። እጇን ይዞ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል፣ በቃ።

"ሌዘርህስ፣ ተሻላት?" አለችው አንድ ቀን።

"ሙቀት ሲበዛባት አሁንም ትደክማለች።"

"ታዲያ ምን አሰብክ?"

ብርድ ልብሷን ማስተካከል ጀመረ።

"ንገረኝ እንጂ! ድሮስ እንቅልፍ የሚወስደኝ አንተ ስታወራ አይደል?"

እኔ ሳቅኩ፤ እሱ ግን ጀመረ። በየቀኑ ነገራት፤ በየቀኑ ተኛች። አንድ ከሰዓት በኋላ እያስረዳት ሳለ አለፈች። ነርሷ ትከሻውን እስክትይዘው አላቆመም።

ከቀብሯ በኋላ ቤቱ ሄድኩ። ሰው "አይዞህ" እያለው ይወጣል፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። የቀረበለት ምግብ ደርቋል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"እኔ የምለው፣" አልኩት፣ "በቀዩ ፋንታ አረንጓዴ ብርሃን ብትጠቀሙስ?"

ቀና ብሎ አየኝ። "ከልብህ ነው?"

"ከልቤ።"

ጉሮሮውን ጠራረገ። "አረንጓዴውንማ ፕላስቲኩ እንዲያውም ይበልጥ ያሳልፈዋል..." ብሎ ጀመረ። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ይቀጥላል። ውጭው ጨለመ፤ እኔም እንዳይጨርስብኝ እየፈራሁ አዳመጥኩት።