ፖስታ ቤቱን አትኩሮ ማየት ያስጠይቃል

ያረጀ ሕንፃ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ሕንፃውን ቀና ብሎ ያየን ሰው የሚጠረጥር አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ሕንፃው የእሱ አይደለም። ጠብቅ ብሎ የቀጠረውም የለም። ግን ከጥበቃው ቀድሞ ይደርሳል፣ ከጥበቃው በኋላ ይሄዳል።

የእኛ ፖስታ ቤት ባለሙሉ ሥልጣን ተጠራጣሪ ክቡር ጋሽ ማንላከህ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ከሰላምታ በፊት “ማን ላከህ?” ስለሚሉ ከተማው በዚሁ ጠራቸው። በሩ አጠገብ ካለው ቅስት ሥር ኤንቬሎፕና ሙጫ ይሸጣሉ፤ እሱንም ገዢው ምርመራውን ካለፈ ነው።

“ኤንቬሎፕ ይስጡኝ፣ ጋሼ።”

“ለማን ነው?”

“ለእህቴ።”

“እህትህ ስልክ የላትም?”

ሙሽሮች ደረጃው ላይ ፎቶ ሲነሱ ፎቶ አንሺውን ወደ ጎን ወስደው “የምታነሳው ሰዎቹን ነው በሩን?” ይሉታል። ቀለም ቀቢው የመስኮቱን ብረት ሲወለውል “እየቆጠርከው ነው” ብለውት መሰላሉን ይዞ ወርዷል። የቤቱ ኃላፊ እንኳ፣ ቁልፉ በእጇ ያለው ሴትዮ፣ አንድ ቀን በሌላ መንገድ ብትመጣ “ዛሬ በዚህ በኩል ምን አመጣሽ?” ተብላለች።

እኔ የተያዝኩት ግድግዳውን ስዳብስ ነው።

“ምን ፈልገህ ነው?”

“ውፍረቱ ገርሞኝ ነው፣ ጋሼ።”

“ማን ላከህ?”

“ማንም።”

“ማንም ያልላከው ሰው ግድግዳ አይዳብስም።”

እውነቱን ለመናገር ግን ግድግዳው ይዳበሳል። እስቲ ላስረዳ። በከተማችን ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ ሁሉም የየራሱን ሣጥን ለመክፈት ወደዚህ ይመጣል። ትንንሽ የነሐስ በሮች የተደረደሩበት ያ ግድግዳ ከተማውን ያስተዋወቀ ነው። ሣጥኖቻቸው ጎን ለጎን ስለሆኑ ብቻ ሐኪሙና ጫኝና አውራጁ ጎንበስ ሲሉ ግንባር ለግንባር ተጋጭተው ተወዳጅተዋል።

ደግሞም ሕንፃው ራሱ ጠርጣሪ ነው። መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ የሆኑት መንገደኛ ወደ ውስጥ እንዳያይ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ደብዳቤ ከሚለይበት ክፍል በላይ ያለው ነገር ነው። ጣሪያው ሥር አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ፣ ወለሉ ላይም እንደ ጣት የቀጠኑ ቀዳዳዎች አሉት። በዱሮ ጊዜ ተቆጣጣሪው ለብቻው በተሠራ ደረጃ ይወጣና ከዚያ ሆኖ የሠራተኞቹን እጅ ያይ ነበር። እነሱ በዕለቱ ከላይ ዓይን ይኑር አይኑር አያውቁም ነበር። ሰው ምስጢሩን ጽፎ ለማያውቀው ሰው አምኖ እንዲሰጥ፣ አንድ የሚጠረጥር ሰው ማስፈለጉ አይደንቅም?

ዘንድሮ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ሆዱን ነፋ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣች ወጣት መሐንዲስ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውርዳ መልሳ ልትገነባቸው ተነሣች፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ላይም በጠመኔ ቁጥር ጻፈች። ጠዋት ስትመጣ ቁጥሩ የለም። ደግማ ጻፈች፣ ደግሞ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን እኔና እሷ ማልደን መጣንና ጋሽ ማንላከህን እርጥብ ጨርቅ ይዘው አገኘናቸው።

“ቁጥር የተጻፈበት ቤት ሲፈርስ እንጂ ሲጠገን አላየሁም” አሉ፣ ጨርቁን ሳይደብቁ።

“ጋሼ፣ ቁጥሩ እኮ ድንጋዩ ወደ ቦታው እንዲመለስ ነው።”

“ማን ላከሽ?”

“ማዘጋጃ ቤቱ።”

ወደ እኔ ዞሩ። “አየህ?”

መሐንዲሷ ወደ ጎን ወሰደችኝ። “ዝናቡ ከቀደመን ግድግዳው ይወርዳል። ከወረደ ደግሞ ይህን ቤት መልሶ የሚከፍተው የለም። እባክህ አንድ ነገር በላቸው።”

ምን ልበላቸው? የምለውን ባጣ፣ የምወደውን አሳየኋቸው። ኃላፊዋ ቁልፍ ፈልጋ አመጣች፤ በጠባቡ ደረጃ ወደ መተላለፊያው ወጣን። ተንበርክከው አንድ ዓይናቸውን ቀዳዳው ላይ አደረጉ። ከታች አንዲት ሠራተኛ ደብዳቤዎችን በየመደርደሪያው ትመድባለች። ጋሽ ማንላከህ እስትንፋሳቸውን ይዘው አዩ፣ አዩ፣ አሁንም አዩ።

“አሁን ከዚህ የሚያየው ማነው?”

“ማንም የለም፣ ጋሼ” አለች ኃላፊዋ። “እኔ ስቀጠርም ተዘግቶ ነው የደረስኩበት።”

ዓይናቸውን ከቀዳዳው አነሡ።

“ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዬን ነበርኩ?”

“ግድግዳው ከወረደ ደግሞ የሚጠበቅም አይኖርም” አልኳቸው። ሲወርዱ ግድግዳውን እየዳበሱ ነው የወረዱት።

በማግስቱ ቁጥሮቹ እንደተጻፉ ነበሩ። ሥራው ተጀመረ፣ ድንጋዮቹም ከቤቱ ፊት ባለው ሜዳ ላይ በቀኝና በግራ ተደረደሩ። ጋሽ ማንላከህ የኤንቬሎፑን ንግድ ትተው ወንበራቸውን ከአቧራው መሐል ተከሉ። ድንጋይ ያነሣን ሠራተኛ ሁሉ “ወዴት?” ይላሉ። ፎርማኑ መረረው። እኔም እስቃለሁ ብዬ ሄጄ ነበር። እንዲህ ዙሪያቸውን ሲገላመጡ፣ አንገታቸው ወደ ሁለቱም ወገን አልደርስ ሲል አይቼ ሳቁ ቀረ። ከቤቴ ወንበር ይዤ ተመለስኩ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የግራዎቹን እኔ ልጠብቅ፣ ጋሼ። እርስዎ የቀኞቹን ይያዙ።”

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

“የግራዎቹን ለምን መረጥክ?”

መልሴን አልጠበቁም። ተነሡና ድንጋዮቹንም እኔንም ባንድ ጊዜ ማየት እንዲችሉ አድርገው ወንበራቸውን አዞሩ።