የበር ካሜራው ላይ የታየችው ነጭ ለባሽ

ዛሬ የደረሰብኝን ለጠላቴ እንኳ አልመኝም። ለጠላቴ ትንሽ ትንሽ ነገር እመኛለሁ፣ ይሄን ግን አይደለም!

ያቺን ቪዲዮ ሁላችሁም አይታችኋታል። አላየሁም የሚል ካለ ወይ ናይሮቢ አይኖርም፣ ወይ ዳታው አልቋል።

ለማንኛውም ላስታውሳችሁ። ጋሽ መኮንን ከአዲስ አበባ እዚህ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ ልጃቸው ሰናይት ጋ ከመጡ ሁለት ወራቸው ነው። መርሳት ጀምሯቸዋል። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በነጠላ ጫማ ወጥተው አልተመለሱም። ሰናይት የበሩ ደወል ላይ ያለው ካሜራ የቀረጸውን በሐበሾች የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቀችው። «አባቴን ያየ ይንገረኝ» ነበር ያለችው። ሌላ ምንም አላለችም።

ቪዲዮው ላይ ጋሽ መኮንን ይወጣሉ፣ ወደ ግራ ይታጠፋሉ። መንገዱ ጭር ይላል።

ከዚያ እሷ ትመጣለች።

ነጭ ለብሳለች። ረጅም ናት። ጀርባዋ ላይ ጉብታ አለ። ፊት የላትም፤ ፊት መሆን በነበረበት ቦታ ሁለት ነጭ ብርሃን ብቻ! ወደ በሩ ዞራ ትቆማለች። እጇን ታነሳለች። ጎንበስ ትላለች፣ ቀና ትላለች፣ ደግሞ ጎንበስ፣ ደጋግማ። ግንቡን በጣቶቿ ነክታ ጣቶቿን ወደ አፏ ትወስዳለች።

ከዚያ እሷም ወደ ግራ።

እኔ ደግሞ ማን ነኝ? «ዓይኗ ስለት ነው» የምትሉኝ ገጣሚ! ኢስትሊ ሰፈር የምሠራበት ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ አንዷ ደንበኛ ቀሚስ እስክትለካ ሌላዋ ዋጋ እስክትከራከር፣ ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ባየሁት ቁጥር ቆዳዬ ሽክክ ይላል። ከዚያ ጻፍኩ።

«እጇን አስተውሉ። እየጠራቻቸው ነው። ግንቡንም የነካችው በከንቱ አይደለም።»

አላበቃሁም። ግጥም ጨመርኩበት!

ነጭ ለባሿ ሴት ከደጅ የቆመችው፣
ስንቱን ሽማግሌ በጣቷ ጠራችው?

ወገኖቼ፣ ስልኬ ከመንቀጥቀጡ ብዛት ከመደርደሪያው ወደቀ። ሼር፣ ሼር፣ ሼር። አንዱ «መተት ነው» አለ። ሌላው «የሰውየው ሟች ሚስት ናት» አለ። ሰናይት ከታች «እናቴ በሕይወት አለች፣ አዲስ አበባ ነው ያለችው» ብላ ብትጽፍም ማን አንብቦላት!

አሁን የሚያመኝን ልንገራችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ የሳውዝ ሲና የኢስትሊ ልጆች አልጋ ቤት ለአልጋ ቤት ዞሩ። በእጃቸው የያዙት የጋሽ መኮንንን ፎቶ እንዳይመስላችሁ። የነጭ ለባሿን ስክሪንሾት ነው! አንዲት ከቅዳሴ የምትመለስ ምስኪን እናት ከማታቱ ታክሲ አስወርደው «ሽማግሌውን የት አደረስሻቸው?» ብለዋታል።

በኔ ጽሑፍ።

ዛሬ ጠዋት ሰናይት ደወለችልኝ። ድምጿ አልቋል። «እህቴ፣ አንቺ ሌላው የማያየው ይታይሻል ይላሉ። እባክሽ ቦታውን መጥተሽ እዪልኝ።» ሎኬሽን ላከችልኝ።

ከቤቴ የአራት ደቂቃ መንገድ። በየማለዳው ወደ ማታቱ የማልፍበት!

እንዴት አላወቅሽውም አትበሉኝ። ሳውዝ ሲ ውስጥ ጥቁር የብረት በርና ከላዩ ቡገንቪላ የሌለው ማን አለ? በካሜራው ሲታይ ደግሞ መንገዱ እንደ ማንኪያ ጀርባ ተጣሟል።

በሩ ጋ ደርሼ እንደ መርማሪ ግንቡን እያየሁ ሳለሁ፣ የፊት ለፊቱ ቤት አስካሪ፣ ዘበኛው ማለት ነው፣ ሻዩን እየጠጣ ጠራኝ።

«ሲ ኒ ዌዌ?» አንቺው አይደለሽም እንዴ ማለቱ ነው።

«ምኑ?»

«ሁሉም በስልክ የሚያሳየኝ ቪዲዮ። አንቺ እኮ ነሽ! በየቀኑ መጥተሽ ለዚህ በር ትሰግጃለሽ። እናንተ ኢትዮጵያውያን በር የምታመልኩ መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ዞሬ ከበሩ ፊት ቆምኩ።

ከዚያ በር ፊት ሲቆሙ በሁለት ፎቅ መሃል የቤተ ክርስቲያናችን መስቀል ይታያል። ከመንገዱ ሁሉ የሚታየው ከዚያች ቦታ ብቻ ነው። ሥራ ስለሚረፍድብኝ ውስጥ ድረስ አልሄድም፤ እዚያው አማትቤ፣ ሰግጄ፣ ግንቡን ተሳልሜ አልፋለሁ። ነጩ ነጠላዬ ነው። ጉብታው ሌባ እንዳይነጥቀኝ ከነጠላው ሥር የማዝለው ቦርሳ ነው፣ ምሳዬም አለበት። ሁለቱ ብርሃን መነጽሬ ነው!

እና ድንገት፣ እዚያው እንደቆምኩ፣ ማክሰኞ መጣብኝ።

ማዕዘኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ስልኬ ላይ ግጥም እየጻፍኩ ነበርና ቤት የሚመታ ቃል ጠፍቶኝ ነበር።

«ልጄ፣ ፒያሳ በየት ነው?» አሉኝ።

ናይሮቢ ላይ ፒያሳ! ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። «በዚያ ነው ጋሼ፣ ታክሲው ከዚያ ነው የሚነሳው!» ብዬ በጣቴ አሳየኋቸው።

አዎ። በጣቴ።

ሰናይትን ከቤት ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። «አባዬ ፒያሳ ሱቅ ነበረው» አለች ቀስ ብላ። «ሰዓት ይጠግን ነበር።»

ተነስተን ወደ ማታቱ ማቆሚያው ሮጥን። አንዱ ረዳት አስታወሳቸው፦ ነጠላ ጫማ ያደረጉ፣ ቋንቋ የማይገባቸው፣ «ፒያሳ፣ ፒያሳ» የሚሉ። መሃል ከተማ ነው ያወረዳቸው። እዚያ ሰናይት ሌላ ማንንም አልጠየቀችም፤ ሰዓት የሚጠግን ሰው ብቻ ነው የጠየቀችው። በአራተኛው ሱቅ፣ ደረጃ ሥር ባለች ቁም ሳጥን የምታክል ክፍል ውስጥ፣ ጋሽ መኮንን ማጉያ መነጽር ዓይናቸው ላይ አድርገው አገኘናቸው። ባለሱቁ ኬንያዊ፣ አዛውንት ነው። ሦስት ቀን አብልቶ አሳድሯቸዋል። ለፖሊስ ተናግሬያለሁ አለን፤ ግን ስማቸውን እንኳ መረዳት አልቻለም።

ሰናይት እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። እሳቸው ከትከሻዋ በላይ አሻግረው አዩኝ።

«ነጠላሽን የት ጣልሽው?» አሉኝ።

 

ማታ ግሩፑ ላይ ሁሉንም ጻፍኩ። ተገኝተዋል፣ ነጭ ለባሿ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ማን ያምናል!

«ላይክ ፍለጋ ነው!» አለኝ አንዱ። «አንቺ አጭር ነሽ፣ እሷ ረጅም ናት» አለች ሌላዋ፣ በአካል የምታውቀኝ ልጅ። አንዱ በቀይ ከብቦ «እግር የላትም፣ ልብ በሉ» ብሎ ለጠፈ። ጋሽ መኮንን መገኘታቸውን አንስቶ እግዚአብሔር ይመስገን ያለ ሰው በጣት ይቆጠራል።

ተናደድኩና ላስረዳቸው ቪዲዮውን እንደገና ከፈትኩት። እኔ ስሳለም ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ ነው የምሰግደው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሦስት ነው።

ቪዲዮው ላይ ያለችው አራት ጊዜ ሰገደች።

እንደገና ቆጠርኩ። አራት።

ለሰናይት «ያልተቆረጠውን ቪዲዮ ላኪልኝ፣ አንድ ነገር አይቻለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። መልሷ ወዲያው መጣ።

«አባዬ እራቱን እየበላ ነው። አንቺም ብይና ተኚ።»

እውነቷን ነው። ሰው ከውርደቱ ካልተማረ ከምን ይማራል? ስልኬን አጥፍቼ ልተኛ ነው። ቪዲዮውን አትክፈቱት። አትቁጠሩ።

አራት ነው ግን፣ አይደለም እንዴ?