ከአምስት በላይ ክልክል ነው

ሊነጋጋ ሲል ያየሁት ሕልም ነው። ሥራዬ መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት መዞር ነው፤ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ከፍቶዎታል? ከአንድ እስከ አምስት ይንገሩኝ» እያልኩ ሰው እጠይቃለሁ። በሕልሜ ግን ተጠያቂዋ እኔ ነበርኩ።

ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ቆሜያለሁ። ረጅም ሰልፍ አለ። የተሰለፉት ሹማምንትና ተመራማሪዎች ናቸው፤ ዓሣ አጥማጆች ወንበር ላይ ተቀምጠው የያንዳንዱን ስሜት ይመዘግባሉ። «ደህና ነኝ» ማለት በሕግ ተከልክሏል። ሁለት ሴቶች አጠገቤ ተገናኙ።

«እንዴት አደርሽ?»

«ቅናት አራት፣ ድካም ሦስት። አንቺስ?»

«አንቺን በማየቴ ንዴት ሁለት» አለቻትና ተሳሳሙ።

ከፊቴ የቆመው አለቃዬ ዶክተር ይርዳው ነበር። ያ በስብሰባ ላይ ፊቱ የማይፈታ ሰው ክራቫቱን በሁለት እጁ ይዞ ይንሰቀሰቃል።

«ሐዘንህን ስንት ልበልልህ?» አለው መዝጋቢው።

«አንድ በልልኝ፤ ሰው እንዳይሰማ።»

አንድ ተባለለት። ወዲያው እንባው ወደ ዐይኑ ተመልሶ ገባ፤ እሱም እንደ ፊኛ አብጦ ሽቅብ ተነሣ። እግሩን ይዤ ጎተትኩትና ከድንጋይ ጋር አሰርኩት። ማንንም አልደነቀውም።

ተራዬ ደረሰ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ባለፈው ሳምንት፣ በእውኔ፣ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ሚስታቸውን ከቀበሩ ወር እንኳ አልሞላቸውም። «ምን ያህል አዝነዋል?» ስላቸው «አልሐምዱሊላህ» ብቻ አሉኝ። እኔም ቸኩዬ «አንድ፦ ምንም አላዘንኩም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ። አሁን ይቅርታ ልላቸው አፌን ብከፍት ድምፄ አልወጣ አለ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «አንቺንስ ማን ጠይቆሽ ያውቃል?»

ማንም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስጠይቅ፣ ማንም። ድምፄ መጣ። ታናሽ እህቴ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን መጠይቅ ይዤ መውጣቴን፣ በሰው በር ላይ ቆሜ የዋጥኩትን እንባ ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸው እየሰሙ ይጽፋሉ፤ አምስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ዘጠኝ መቶ። ወረቀቱ አልበቃ ሲላቸው ጠረጴዛው ላይ ጻፉ፤ ቀጥለው ዳር ላይ በቆመች ጀልባ ጎን ላይ።

ዘበኞች እየሮጡ መጡ። «ከአምስት በላይ ክልክል ነው!»

ጋሽ እንድሪስ ብድግ አሉ። «እንግዲያው የእኔንም ጻፉ! የሞተችብኝ ሚስቴ ናት። በአምስት የምትለቀስ ሴት አልነበረችም!»

ያኔ ሰልፉ ፈረሰ። «የእኔም! የእኔም!» የሚል ጩኸት ሐይቁን ሞላው። ዘበኞቹ ዱላቸውን ጥለው ተቃቅፈው አለቀሱ። ለቅሶው ሲወጣላቸው ሳቅ ተከተለ፤ መጠይቆቹ ክንፍ አውጥተው እንደ ዳክዬ እየጮኹ በውሃው ላይ በረሩ። ሰልፈኞቹ እኔንና ጋሽ እንድሪስን ጀልባ ላይ አወጡን፣ ጀልባዋን በትከሻቸው ተሸክመው ከተማውን አዞሩን። ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሽ እንድሪስ እያለቀሱ ይስቃሉ፤ እኔም እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። አሸንፈን ነበር!

በእልልታው መሐል ስልኬ ጮኸና ነቃሁ። ከቢሮ የመጣ መልእክት ነው፦

«ለመረጃ ሰብሳቢዎች በሙሉ። የአማራጮቹ መብዛት መልስ ሰጪዎችን እያደናገረ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ የሚኖሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ‹ደስተኛ ነኝ› እና ‹በጣም ደስተኛ ነኝ›።»