ለዊልፍ ንቦች የተነገረ መርዶ

[እንግሊዝ ገጠር፣ ኔዘር ክሎፕተን የምትባል መንደር። ቤተ ክርስቲያኗም፣ መጠጥ ቤቷም፣ ሐሜቷም አንድ ሜዳ ከበው ተቀምጠዋል። ዊልፍ በፒጃማው ጓሮው ውስጥ፣ ሦስቱ ቀፎዎቹ ፊት ቆሟል። ይሄ ሰው ሁሉን ያውቃል፤ የማያውቀውንማ ይበልጥ ያስረዳል። ጎረቤቱ ፐርሲ፣ ነገር ቶሎ አይገባውም የሚባለው፣ ኬክ እየገመጠ አጥሩን ተደግፏል። በየቀፎው ላይ አንድ አንድ ጥቁር ነገር ታስሯል።]

ዊልፍ፦ ይሄ ካልሲ ነው! ፐርሲ፣ የንብ ቀፎ ላይ ካልሲ አስረሃል!

ፐርሲ፦ ለሐዘን ነዋ። ጥቁር ጨርቅ ይታሰር ትል የለ?

ዊልፍ፦ ጨርቅ አልኩ እንጂ ካልሲ መቼ አልኩ!

ፐርሲ፦ ጥቁር ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ሁለቱ የኔ ናቸው። ሦስተኛዋን ካንተ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ አወረድኳት።

ዊልፍ፦ የኔን ካልሲ?

ፐርሲ፦ ለሟች ምን ያደርግለታል ብዬ።

ዊልፍ፦ የምን ሟች? ማን ሞተ?

ፐርሲ፦ [ኮፍያውን አውልቆ] አንተ ነሃ። ነፍስህን ይማር።

ዊልፍ፦ እኔ አልሞትኩም!

ፐርሲ፦ አሁንማ እያየሁህ። ትናንት ግን መጋረጃህ ቀኑን ሙሉ አልተከፈተም። ወተት አዳዩ ያስቀመጠልህ ጠርሙስም ደጃፍህ ላይ ቆሞ ዋለ፤ ወፍ ክዳኑን በስታ ቅባቱን ጨረሰችው። በዚህ መንደር ወተቱን ያላስገባ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ያልከው አንተ ነህ።

ዊልፍ፦ ተደብቄ ነው እንጂ! የቄሱ ሚስት፣ ሚስስ ትሪመር፣ ለቅዳሜው የመንደር ትርኢት የኬክ ውድድር ዳኛ ፍለጋ ቤት ለቤት እየዞረች ነው። አምና ዳኛ የሆነው ሰውዬ ምን እንደደረሰበት አላየህም?

ፐርሲ፦ እስካሁን ሰላም የሚለው የለም።

ዊልፍ፦ የገዛ እናቱ ሳትቀር! ታዲያ ቤት የለም እንድትል መጋረጃዬን ጋረድኩ፣ ወተቱንም ተውኩት። አንተ ግን አንኳኩተህ አትጠይቅም?

ፐርሲ፦ ማንኳኳትማ ነውር ነው። ሞተህ ከሆነ አትከፍትም። ካልሞትክ ደግሞ መረበሽ ይሆናል።

ዊልፍ፦ እና እንዳትረብሸኝ ብለህ ገደልከኝ!

ፐርሲ፦ ኧረ ድምፅህን ቀንስ። ጠብ ያለበት ጓሮ ውስጥ ንብ አይቀመጥም፤ ይሄንንም ያልከው አንተ ነህ።

[ዊልፍ አፉን በመዳፉ ያዘ። ብሏል፤ ምን ያድርግ። ከዚህ ወዲያ እንደ እባብ እያፏጨ ነው የሚያወራው።]

ዊልፍ፦ በሥርዓት እንሂድ። ምን ብለህ ነገርካቸው? ቃል በቃል።

ፐርሲ፦ እንዳስተማርከኝ ነዋ። የንቦች ጌታ ሲሞት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መርዶው ይነገራቸዋል፤ አለዚያ አኩርፈው ይሄዳሉ። ቀፎውን በቤት ቁልፍ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አደረግሁ። «ንቦች ሆይ፣ ጌታችሁ ዊልፍ አርፏል። ከዛሬ ጀምሮ ጌታችሁ ፐርሲ ነው» አልኳቸው። ከዚህችም ኬክ ቆርሼ አቀመስኳቸው። መቼም ያለ ዝክር አይሆንም።

ዊልፍ፦ ቆይ፣ ቆይ። በማን ቤት ቁልፍ?

ፐርሲ፦ በኔ። ያንተ እኮ ካንተ ጋር ውስጥ ነበር።

ዊልፍ፦ [ራሱን ይዞ] አለቀልኝ! ንብ የሚያድረው ለቁልፉ ባለቤት ነው! ሰው፣ ቅዳሜ እኮ ትርኢት ነው! የማር ውድድሩን የአንደኝነት ቀይ ሪባን ከኔ በቀር ማን ወስዶት ያውቃል? አሁን ማሩ በማን ስም ሊቀርብ ነው?

ፐርሲ፦ በንቦቹ ጌታ ስም። ደንቡ እንደሚለው…

ዊልፍ፦ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አትንገረኝ! ግን ምን ያስጨንቀኛል? ቀላል ነው። አንኳኳና አልሞተም በላቸው።

ፐርሲ፦ እሱስ አይሆንም።

ዊልፍ፦ ለምን አይሆንም?

ፐርሲ፦ አልሞተም ካልኳቸው የትናንቱ ውሸት ሊሆን ነው። ንብ ከተዋሸ ደግሞ እዚያው በዚያው ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል። ይሄን ያለው…

ዊልፍ፦ እኔ ነኝ። አውቃለሁ።

ፐርሲ፦ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ወንበር ላይ ቆመህ ነው ያልከው።

ዊልፍ፦ አውቃለሁ አልኩህ!

ፐርሲ፦ ሞቶ ነበር፣ ተነሳ ብላቸውስ?

ዊልፍ፦ ቄሱ ቢሰማ ምን ይለናል? እሱ ለአንድ ብቻ ነው የተፈቀደው።

ፐርሲ፦ አልዓዛርስ?

ዊልፍ፦ አልዓዛር ንብ አልነበረውም!

[ዊልፍ ቀፎዎቹን እየዞረ አሰበ። ካሰበ ደግሞ አንድ ነገር ማግኘቱ አይቀርም፤ የመንደሩ ችግር ሁሉ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።]

ዊልፍ፦ አገኘሁት! ሠራተኛ ቀጠርኩ በላቸው። ስም አትጥራ። ስም ካልተጠራ ውሸት የለም። ቀስ ብዬ እለማመዳቸዋለሁ፤ ከዚያ አንተ ሹልክ ትላለህ፣ እኔ ጌትነቴን እይዛለሁ።

ፐርሲ፦ ጠረንህን ያውቁታል።

ዊልፍ፦ ኮትህን አምጣ። ኮፍያህንም።

[ፐርሲ አወለቀ። ኮቱ አሳማ አሳማ ይሸታል። ዊልፍ ትንፋሹን ውጦ ፒጃማው ላይ ደረበው። ፐርሲ ቁልፉን አውጥቶ ቀፎውን አንኳኳ።]

ፐርሲ፦ ንቦች ሆይ፣ ይሄ አዲሱ ሠራተኛዬ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ብቻ ነገር ቶሎ አይገባውም።

ዊልፍ፦ ምን አልክ?

ፐርሲ፦ ይሄን ኮት የለበሰ ሰው እንደዚያ ነው የሚባለው። ሌላ ብላቸው ይጠረጥራሉ።

[አንዲት ንብ መጥታ ዊልፍ አፍንጫ ላይ አረፈች። ዊልፍ ደረቀ።]

ፐርሲ፦ ወደደችህ! በቃ፣ ነገ በጠዋት ትጀምራለህ። ጭስ ማጨሱም የማር ጠርሙስ ማጠቡም ያንተ ነው።

ዊልፍ፦ [ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ] ይሄ እኮ ያንተ ሥራ ነበር።

ፐርሲ፦ አይከብድም። ሪባኑን ስትወስድ ዳር ሆኜ ሳጨበጭብ የኖርኩት እኔ አይደለሁ? ጭብጨባውንም አሳይሃለሁ።

ዊልፍ፦ ይሁን። ቢሆንም መሞቴ አንድ ደግ ነገር አለው። ሚስስ ትሪመር ሬሳ ዳኛ አታደርግም።

ፐርሲ፦ ሚስስ ትሪመርማ ዳኛ አገኘች።

ዊልፍ፦ እሰይ! ማን ነው ምስኪኑ?

ፐርሲ፦ አንተ። ትናንት ጠዋት መንገድ ላይ ይዛኝ «ዊልፍ የት ሄደ?» አለችኝ። «የትም፤ በጓሮው በር መጋረጃ ሥር የእግር ጣቶቹ ይታያሉ። ዳኝነቱን እሺ ብሏል» አልኳት። ደስ ሲላት ይሄን ኬክ ሰጠችኝ። እንካ፣ ቅመስ።

ዊልፍ፦ ትናንት ጠዋት? ለንቦቹ መርዶውን ከመንገርህ በፊት?

ፐርሲ፦ ኬኩን ይዤ አይደል የመጣሁት?

ዊልፍ፦ [ጮኾ] በሕይወት መኖሬን እያወቅህ!

ፐርሲ፦ ቀስ በል። ንቦቹ።

ዊልፍ፦ [በሹክሹክታ] አንተ ሌባ! አንተ ቀጣፊ! ንቦቼን ዋሸሃቸው!

ፐርሲ፦ ዋሸኋቸው። ሄዱ?

[ዊልፍ ዞሮ አየ። ንቦቹ ከካልሲዎቹ ሥር ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንዳቸውም ሻንጣ አልያዙም።]

ዊልፍ፦ አልሄዱም።

ፐርሲ፦ እንግዲህ ምረጥ። ወይ ቅዳሜ ሕዝቡ ፊት ወንበር ላይ ትቆምና «ስለ ንብ የነገርኳችሁ ሁሉ ከጭንቅላቴ ያወጣሁት ነው» ትላለህ፤ ንቦችህን ትወስዳለህ። ወይ ደግሞ እኔ አልዋሸሁም፣ አንተም ሞተሃል።

[ንቧ ከአፍንጫው ወደ ቅንድቡ ወጣች። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ ዊልፍ ደግሞ የወለደው የለም። ያለው ራሱ ብቻ ነው።]

ዊልፍ፦ ቀብሬ መቼ ነው?

ፐርሲ፦ ቅዳሜ። ኬኮቹን ቀምሰህ ስትጨርስ።